ስለ ቢራቢሮዋ ምን ብል…

ነይ ግቢ ሕይወትዬ፣ ምነው በር ላይ ቆምሽ? ጫማሽን አታውልቂ፣ ቤቱ ዛሬ ሥራ ቤት ሆኗል። እዚያ ጥግ አረፍ በይ፤ ብቻ ጥንዚዛዎቹ ላይ እንዳትቀመጪ! ዝናቡ እንዴት ደስ ይላል እባክሽ? ሐኪም ጋራ አረንጓዴ ለብሷል፣ የዘንድሮው ቢራቢሮማ ጉድ ነው። ቤተሰብ ደህና? ግቢያችሁስ ሰላም ነው? ያቺ ጎረቤትሽስ… ባለሱቋ? በሞቴ ያንን ወረንጦ አቀብይኝ፣ እየሠራሁ ላጫውትሽ። ተባረኪ።

እሷን የጠየቅሁሽ ስለምትናፍቀኝ ነው። እዚሁ ጠረጴዛ ላይ አይደል የለመደችው? ዓይን አይብላትና ምን ዓይነት ፈጣን ልጅ ናት! የቢራቢሮ ክንፍ አዘረጋጉን አንዴ አየች፣ ያዘችው። ለግድግዳ የሚሰቀለው ፍሬም ላይ መስታወት መግጠሙን አየች፣ ያዘችው። እኔ ደነዟ ይህን ለመልመድ የስንቱን ቢራቢሮ ክንፍ እንደሰበርኩ ፈጣሪ ያውቃል። እሷ ግን የሚያምረው ሥራ እንዳለቀ “በቃኝ፣ ገብቶኛል” አለች። የቀረው የማያምረው ነበራ! የደረቁትን ነፍሳት በቆርቆሮ አድርጎ ፍሪዘር ውስጥ ማቆየት… “ከሥጋ ጋር? ኧረ ይቀፈኛል!” ከፍሬሙ ጀርባ ናፍታሊን መወተፍ… “ሽቶዬን ያጠፋብኛል!” እውነቷን እኮ ነው። ሽቶዋ ከእሷ ቀድሞ በር የሚገባ ልጅ፣ በናፍታሊን ትጫወት?

ከዚያማ ኤረር በር አጠገብ ያንን የመሰለ ሱቅ ከፈተች። ታፔላውን አይተሽዋል? “በሐረር የመጀመሪያዋ የነፍሳት ጥበብ ባለሙያ”… ደስ አይልም? እኔ ከእሷ በፊት የሠራሁት ሁሉ ለካ ልምምድ ነበር።

ሱቁ በተከፈተ ሰሞን ደግሞ አንድ ወሬ ተነሳ። ከየት እንደመጣ እንጃ… አንቺ ታውቂ ይሆን? “ገላነሽ ጥንዚዛ የምትለቅመው ለመተት ነው” የሚል። አቦከር ሰፈር ያሉ ደንበኞቼ ከሳሎናቸው ግድግዳ አውርደው፣ በጋዜጣ ጠቅልለው መለሱልኝ። አንዷማ በጣቷ ጫፍ አንጠልጥላ! አልዋሽሽም ሕይወትዬ፣ አለቀስኩ። እንጀራዬ ነው፣ ስሜ ነው። ናፊያም ሰማች መሰለኝ፣ ጀጎል ውስጥ ለምትከፍተው የእንግዳ ማረፊያ ያዘዘችኝን ሥራ ከእኔ ወስዳ ለሌላ ሰጠች። ለማን እንደሰጠች ደግሞ… እንተወው። ብቻ እጅ ይለያያል አይደል? በእኔ እጅ መተት የሆነው ጥንዚዛ በሌላ ሰው እጅ ጥበብ ይሆናል። ይህ መታደል ካልሆነ ምን ይባላል?

ትናንት የማረፊያው ምርቃት ነበር። አልሄድኩም፣ ማን ጠርቶኝ? ዛሬ ጠዋት ግን ናፊያ ራሷ መጥታ በሬን አንኳኳች፣ ሁሉንም እሷው ነገረችኝ። እንግዶቹ መደቡ ላይ ተደርድረዋል፣ ፊት ለፊታቸው ትልቁ ፍሬም ተሰቅሏል፣ ከሥሩ በወርቃማ ቀለም “የሐረር ቢራቢሮ” ተብሎ ተጽፎበታል። ውስጡ ያለው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የእሳት እራት! ማርያምን! አትሳቂ እባክሽ፣ ሰው መቼም ይሳሳታል። ሁለቱም ክንፍ አላቸው፣ ሁለቱም ይበራሉ። ደግሞስ መብራት ባየ ቁጥር የሚሮጥ ነገር እሷን ቢስባት ይፈረድባታል?

እና አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ሲያዩ አንዱ ክንፍ ዱብ። “ምን ነካው?” ሲሉ ሌላውም ዱብ። ወዲያው ከሆዱ አንድ ፀጉራም ትል ብቅ ብሎ በመስታወቱ ሽቅብ ወጣ! “ቢስሚላሂ!” ብለው ሽማግሌው በርጩማውን ገልብጠው ተነሱ። ብል ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል? ፍሪዘርም ናፍታሊንም ያላየውን ሥራ ውስጥ ውስጡን ሲበላው ከርሞ። ናፊያ ሠሪዋን ጠርታ “ይሄ ምንድነው?” ብትላት፣ ምን ብላ ብትመልስ ጥሩ ነው? “ሕይወት ያለው ጥበብ ነው!” ወይኔ ጎኔን! አንቺን ማለቷ አይደለም የኔ ቆንጆ፣ ስምሽ በከንቱ ተነሳ እንጂ። ብሉማ ወደ ናፊያ ምንጣፍም ተሻግሯል።

ምን አልሽ? ሐሜት ነው? እኔ? እኔ ስለ ሰው ክፉ ብል… አየሽ፣ ቃሉ ራሱ ምላሴ ላይ ይመጣል! እንዲያውም አሞግሻት። ሌላው የሞተ ነገር ሰቅሎ ይሸጣል፣ እሷ የሚንቀሳቀስ ትሸጣለች። ይሄን ማን ይችላል?

ናፊያ ጉንጬን ስማ “ወላሂ ገላነሽ፣ አፉ በይኝ፣ የሰው ወሬ ሰምቼ ነው” አለችኝ። “የማን ወሬ?” አልኩ እንደማያውቅ ሰው። ነገረችኝ… እኔ ግን ስም አልጠራም፣ ታውቂኝ የለ? ሥራው ተመለሰልኝ ሕይወትዬ! ጠረጴዛው የሞላው ለዚህ ነው። ደስታዬን የማደርግበት አጥቼ ከጠዋት ጀምሮ ጥንዚዛዎቹን “እናንተ ጠንቋዮች፣ እንኳን ደስ አላችሁ” እላቸዋለሁ። ይቺን ባለ አራት ክንፍ የውሃ እናት እያት፣ ክንፏ እንዴት እንዳበራ! ይህች ለዓመታት ትኖራለች። ፍሪዘሩን የማትጠየፍ ናታ።

ልትሄጂ ነው? ቆይ እስቲ። አንድ ግቢ አይደላችሁ፣ ይቺን ፌስታል ለጎረቤትሽ አድርሺልኝ። ናፍታሊን ነው፣ ከገላነሽ ነው በያት። ሳትጨርስ ነው የሄደችው፣ የተረፈውን ትምህርት ልኬላታለሁ። ቂም የለኝም፣ እንዲያውም መርቃሻለች በያት። ሳትቀንሺ ሳትጨምሪ እንዲህ ብለሽ ንገሪልኝ… “የኔ እህት፣ እኔ ስለ አንቺ ምንም ብል፣ ብል አይንካሽ። ሱቅሽንም እግዚአብሔር ልክ እንደ እጅ ሥራሽ ያቆይልሽ።”