እምቢ ያለው በር

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ አንድ ጎልማሳ አሮጌ የመኪና መብራት ታቅፎ ተቀምጧል። አጠገቡ ያሉት እናት ዝም ማለት አላስቻላቸውም።

«ልጄ፣ እንደ ሕፃን የታቀፍከው ምንድን ነው?»

«የላንድሮቨር መብራት ነው፣ እናቴ። አሮጌ መኪና ገዝቼ እያደስኩ ነው።»

«ይሄዳል?»

«ለጊዜው ይገፋል።»

«እንግዲያ የገዛኸው መኪና ሳይሆን በሽተኛ ነዋ!»

«አይሳቁብኝ እንጂ! የጤና ጣቢያ መኪና የነበረ ነው። ሊበን አካባቢ አንድ ገበሬ ግቢ ውስጥ ዶሮ ሲያድርበት አገኘሁት።»

«አረንጓዴ ነው? ጣሪያው ነጭ?»

«አዎ! ያውቁታል እንዴ?»

«የኋላ በሩ ይከፈታል?»

«እሱማ እምቢ ብሎኛል።»

«ያኔም እምቢ ባይ ነበር። ምጥ ይዞኝ ባሕር ዳር አደረሱኝና፣ ሆስፒታሉ ደጃፍ ላይ በሩን ሲታገሉት ሴት ልጄ እዚያው ውስጥ ተወለደች።»

«እግዜር ይመስገን! አሁን የት አለች?»

«ቡሬ ናት። ወሯ ገብቷል፣ ላርሳት እየሄድኩ ነው።»

«መኪናው ቢደርስልኝ እኔው ሆስፒታል አደርሳት ነበር።»

«ተወው ልጄ፣ እሷስ በሩ በሚከፈት ትሂድ!»

እኔ መንገድ ላይ ማንኩሳ ወራጅ ነበርኩ፣ ግን ጨዋታቸው ይዞኝ አለፍኩት።