የአቶ ላቀው ዘመኑ የጥምቀት መቅጃ

ከሀዋታም ከፋው ከተማም ሥራ ጥላችሁ የመጣችሁ ለቀስተኞች፣ እግራችሁ ይባረክ። ይህ የታናሽ ወንድሜ የአቶ ላቀው ዘመኑ ዜና ሕይወት ነው። ቃሉ የእኔ ነው፤ ፊደል ስላልቆጠርሁ የጎረቤቴ ልጅ አንዳርጋቸው ጻፈው፣ እሱው ያነበዋል፤ ከሳተም እዚሁ ተቀምጬ አርመዋለሁ። አዝዬ ያሳደግሁትን ልጅ አንቱ ማለት ይከብዳል፤ ለክብራቸው ግን እላለሁ።

አቶ ላቀው ከአባታችን ከዘመኑና ከእናታችን ከእናኑ በ1953 ዓ.ም. መተማ ቆላ ተወለዱ። አራተኛ ክፍል ሳይጨርሱ ድንበር ተሻግረው፣ በሀዋታ ሰሊጥ ሲያጭዱ ከርመው፣ ኋላም እዚህ ገዳሪፍ ሉጥፊ ከሚባሉ ሱዳናዊ ዘንድ ሬዲዮና ቴሌቪዥን መጠገን ተማሩ። እጃቸው የተባረከ፣ አፋቸው ቁጥብ ነበረ።

ከወይዘሮ ደብሪቱ ጋር በሥርዓት ተጋብተው በ1988 እየሩስን ወለዱ። ልጅቷ ሰባት ዓመት ሲሞላት እናቷ በአገሯ ትማር ብለው ይዘዋት ጎንደር ገቡ፤ አቶ ላቀው ግን አንድ ክረምት ሠርቼ እከተላለሁ እንዳሉ ቀሩ። አንዱ ክረምት አሥራ አምስት ሆነ። እንዴት እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁ።

በዚያ ብቸኝነት ነው ሳጥኑን የጀመሩት። አሮጌ ኮምፒውተር ገዝተው፣ ከዲሹ የሚወርደውን ገመድ የሚቀበሉ ሁለት ካርዶች ሰክተው፣ የሰፈራችን መምህር ከማሉ በነጻ የሰጣቸውን ሊኑክስ የተባለ ፕሮግራም ጫኑበት፤ ሰው ቤት ባይኖርም የታዘዘውን ሥርጭት በሰዓቱ እንዲቀዳ ነው። አንዱ ካርድ እሺ ሲል ሌላው አላውቅዎትም እያለ ስምንት ወር አለፋቸው። ባለሱቋ ናጂያ፣ ላቀው ሌላ ሚስት አገቡ፣ እሷም አኩርፋቸዋለች እያለች ትስቅባቸው ነበር። ቢያንስ ጥላኝ አትሄድም ብለው መለሱላት።

በ2010 እየሩስ ደወለች፤ አባዬ፣ ለጥምቀት ከመዘምራኑ ፊተኛው ረድፍ ላይ ነኝ፣ በቴሌቪዥን እየኝ አለች። ፎቶዋማ ነበራቸው፤ ፎቶ ግን አይራመድም። አረማመዷ የእናታችን ነው ሲባል ሰምተው፣ ይህንኑ አንዴ ማየት ነበር ምኞታቸው። በዕለቱ ፋው ሥራ ስለነበረባቸው ሳጥኑን እንደ ወትሮው ለአራት ሰዓት አዝዘው ሄዱ። ሱዳን ግን በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ሰዓቷን ወደ ኋላ መልሳ፣ የጎንደር አራት ሰዓት የገዳሪፍ ሦስት ሆኖ ነበር። የየቤታችንን የግድግዳ ሰዓት ዞረው ያስተካከሉልን እርሳቸው ነበሩ፤ የጎንደር ሰዓት አብሮ እንዳልተመለሰ ግን ረሱ። ማታ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው ሲከፍቱት መዘምራኑ አልፈዋል፤ የቀረው ከኋላ የሚከተለው ሕዝብ ነበር። ለልጃቸው በስልክ፣ አየሁሽ አሏት። ይህችን ውሸታቸውን እግዜር ይቅር ይበላቸው።

በዓመቱ ኩላሊታቸው ታመመ። መቆም ቢያቅታቸውም ኮምፒውተሩን አልጋቸው አጠገብ አስጠግተው፣ ዘንድሮ እንዳያመልጣቸው ሁለቱም ካርዶች ከከተራ ጀምሮ ያለማቋረጥ እንዲቀዱ አዘዙ። ትናንት፣ በከተራው ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ እጃቸው በእጄ እንዳለ አረፉ። ሳጥኑን የማጥፋት አቅም ያገኘ አልነበረም፤ አሁን እዚህ ሳለንም እየቀዳ ነው።

እየሩስ ግን በዚያ ውስጥ የለችም። መታመማቸውን ሰምታ፣ ነጭ ልብሷን ለጓደኛዋ ትታ ከተነሣች አራተኛ ቀኗ ነው፤ ናፍጣ ጠፍቶ ድንበሩ ገላባት ላይ ሁለት ቀን ቆማ፣ ዛሬ ጠዋት ገባች። ከመኪናው ወርዳ ወደ አስከሬኑ ስትመጣ አየኋት። አረማመዷ የእናታችን ነው። ላቀው፣ ወንድሜ፣ እኔ አየሁልህ።

አቶ ላቀው በተወለዱ በ58 ዓመታቸው ሲለዩን፣ ልጃቸውን እየሩስን፣ ጎንደር ያሉትን ወይዘሮ ደብሪቱንና እኔን አሮጊት እኅታቸውን ትተዋል። ጌታ ነፍሳቸውን ሰዓት ወደ ኋላ በማይመለስበት፣ የሚጠበቅ ሰው በማይዘገይበት አገር ያሳርፍልን። አሜን።