ውሃ የቋጠረ ጉበት

በሆስፒታል ክፍል፣ ከቀዶ ሕክምናው ሰዓት በፊት፤ ባለ ሉካንዳው ጋሽ ወንዳፍራሽ ጃኬታቸውን ደርበው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቀዶ ሐኪሟ ዶክተር ትርሲት የስምምነት ወረቀት ይዛ ፊታቸው ቆማለች።

ወንዳፍራሽ፦ አልፈርምም አልኩ፣ አልፈርምም! ሆዴን በሰፊው ክፈቺና ጉበቴ ላይ የቋጠረውን ውሃ በዓይንሽ እያየሽ አውጪው።

ትርሲት፦ በካሜራ አየዋለሁ እኮ፣ ጋሼ። ሦስት ቀዳዳ ብቻ፤ አንዱም ከጣት አይሰፋም።

ወንዳፍራሽ፦ ሠላሳ ዓመት ጉበት ለቆረጠ ሰው! ውሃ የቋጠረ ጉበት ጠረጴዛ ላይ እንኳ ቢላ ሲነካው ይፈነዳል።

ትርሲት፦ በሰፊው ከከፈትኩዎት ቁስሉ ቶሎ አይድንም።

ወንዳፍራሽ፦ አይዳን! ሆዴ ውስጥ ከፈሰሰስ? «ሊገድል ይችላል» ያልሽኝ ራስሽ ነሽ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ትርሲት፦ ለዚህ ነው ዛሬ ይውጣ የምለው። ብርቱካን አክሏል። ነገ አንድ ሙክት ሲያነሱ ቢፈርጥስ?

ወንዳፍራሽ፦ ትናንት አስፈቅጄሽ የወጣሁት የት ይመስልሻል?

ትርሲት፦ ለቅሶ ልድረስ ብለውኝ።

ወንዳፍራሽ፦ ሱቄ ነው የሄድኩት! ውሃ የቋጠሩ ሦስት የበግ ጉበቶች አስለይቼ፣ እንዳንቺ በጣት ቀዳዳ ላወጣ ሞከርኩ። ሦስቱም ሽርጤ ላይ ፈነዱ።

ትርሲት፦ መጀመሪያ ውሃውን በመርፌ መጠጡት?

ወንዳፍራሽ፦ በመርፌ?

ትርሲት፦ ዙሪያውንስ ውሃው ውስጥ ያለውን ትል የሚገድል መድኃኒት ውስጥ በተነከረ ጨርቅ ከበቡት?

ወንዳፍራሽ፦ በቢላ ነዋ የገባሁት።

ትርሲት፦ እኔ ያንን ሁሉ ሳልጨርስ ቢላ አላነሳም። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።

ወንዳፍራሽ፦ ጅብ አልሽኝ?

ትርሲት፦ ሦስት ጉበት ያፈነዳ ሰው ምን ይባላል? ለመሆኑ የት ጣሏቸው?

ወንዳፍራሽ፦ የት እጥላለሁ፣ ለቤቱ ውሻ ወሰድኩለት። እንደ ሁልጊዜው።

ትርሲት፦ ሁልጊዜ?

ወንዳፍራሽ፦ ምነው፣ ፊትሽ ተለወጠ?

ትርሲት፦ ጋሼ፣ ውሻው ያንን ጉበት ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል። እንቁላሉ ከኩሱ ወደ ፀጉሩ፣ ከፀጉሩ ወደ ሰው እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ። የእርስዎም እንዲያ የመጣ ይመስለኛል። ውሻውን የሚነካካ ሌላ ሰው ቤት ውስጥ አለ?

ወንዳፍራሽ፦ አለች እንጂ።

ትርሲት፦ ማን?

ወንዳፍራሽ፦ ቤዛ። የልጄ ልጅ። አምስት ዓመቷ ነው፤ አቅፋው ነው የምትውለው።

ትርሲት፦ አሟት ያውቃል?

ወንዳፍራሽ፦ ሰሞኑን «ቀኝ ጎኔን» ትላለች። እኔን የምታስመስል መስሎኝ . . . እስቅባት ነበር።

ትርሲት፦ ዛሬውኑ ትምጣ፤ በአልትራሳውንድ እናያታለን። ውሻውም ይታሰር።

ወንዳፍራሽ፦ እስክሪብቶውን ስጪኝ፣ ልፈርም። . . . ዶክተር፣ ለሕፃን ሲሆን ቀዳዳው ከዚህም ያንሳል፣ አይደል?