ሺሺንዳ ላይ የቀለጠው በረዶ

እትዬ በዛወርቅ! እንዴት ዋሉ? ኧረ ይቀመጡ፣ በእኔ ሞት! ባጃጁ በዚህ ጭቃ አልገባም ብሎኝ በእግሬ መጣሁ። ትናንት ከአንድ ለአምስቱ ስብሰባ ቢቀሩ አመመዎት ብዬ ነው… ደህና ነዎት? ተመስገን። የተከራይዎ በር ገርበብ ብሏል፣ ሰው አለ እንዴ?… ይረፍ፣ ይረፍ! መንገድ የከረመ ሰው ይደክመዋል። እኔ እንደሆነ ቀስ ብዬ ማውራት አልችልበት።

የእህቴ ልጅ አብርሆት? አለች። ለማስተርሷ ላብራቶሪ ገብታ የለ? ከሦስተኛ ክፍል የወጣሁት እኔ ምን ይገባኛል፤ እሷ እንዳለችኝ ግን በሰውነታችን ውስጥ አር ኤን ኤ የሚሉት መልእክት አለ፣ እሱን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ፕሮቲን ደግሞ አለ። ያንን ፕሮቲን ከስንቱ መሃል ለይቶ የሚያገኝላት አንቲቦዲ የሚባል ጠብታ ከውጭ አስመጣች። አንዱን ብቻ ነው የሚያውቀው፣ እትዬ! ሌላው ቢያልፍ ቢያገድም ዞር ብሎ አያይም። መቼም ጠብታ ነው… ሰው ቢሆን ይከብደው ነበር።

ታዲያ ሙቀት አይወድም። ሚዛን ከተማ ካለው የመምህሯ ፍሪጅ በበረዶ ሳጥን ሲመጣ፣ አንድ የተባረከ ልጅ «እኔ አመጣልሻለሁ» አላት። እንዲህ ያለ አሳቢ! መንገድ ላይ ሺሺንዳ ከተማ ሲደርሱ የአውቶቡሱ ጎማ ፈነዳ። መብራት ጠፍቶ የአንዲት ቆንጆ ባለ ግሮሰሪ ቢራ ሞቆባታል። ሩኅሩኅ ሰው እያየ ዝም ይላል? ሳጥኑን ከፍቶ በረዶውን በየብርጭቆው አደላላት! አብሮ የተሳፈረው የጎረቤታችን ልጅ ከፈለኝ ነው የነገረኝ። ሹፌሩ ክላክስ ሲያደርግ እንኳ አልሰማም አሉ… ጨዋታ አዋቂ ነዋ! አደራ በላ ሲባል እሰማ ነበር፤ አደራን አቀዝቅዞ የጋበዘ ግን አሁን ገና ሰማሁ። ውኃን ምን ያስጮኸዋል ቢሉ ድንጋይ፤ በረዶንስ ምን ያቀልጠዋል? የሺሺንዳ ፈገግታ!

አብርሆት ብትሞክረው፣ ብትሞክረው… ባዶ። ፕሮቲኑ ሲገኝ ትታያለች የምትለው መስመር አንዲትም አልወጣችም። ምርቃቷ ለከርሞ ተላለፈ። «መንገድ ላይ ሞቆ ይሆን?» ብትለው፣ «ኧረ ከጉያዬ አልለየሁትም!» አላት። እውነቱን እኮ ነው፣ ጉያ ይሞቃል! ደግሞ «አንቺ ባትችዪበት ነው» አላት። አዩልኝ ልግስና? ጥፋቱን እንኳ ለብቻው አልበላም።

እኔ አላዘንኩም፣ ደስ ነው ያለኝ! ጠብታው ፕሮቲኑን ባያሳይ ሰውን አሳየን። ሌላ ደግሞ ታዟል፤ አብርሆት ራሷ ሄዳ ታመጣለች።

ያ አሳቢ ልጅ አብርሆትን ብሎ እሑድ ሽማግሌ ወደ እኛ ሊልክ ነው ሲሉ ሰማሁ… ይላክ እንጂ! በሉ ልሂድ፣ ስመርቀው እዚያ በሩ ውስጥ እስኪሰማ ጮክ ብለው አሜን ይበሉልኝ። ሽማግሌዎቹን እግራቸውን ያቅናላቸው፤ በእኛ ደጅ ሳይደክሙ ሺሺንዳ በሰላም ይድረሱ። ባለ ግሮሰሪዋም እሺ ትበለው። ወልዶ ከብዶ ያሳየን። የበኩር ልጁን ሴት ያድርግለት፣ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚሳሳላት… ስታድግም ልክ እንደ አባቷ ያለ ባል ይስጣት።