በቃል የተያዘው ድምፅ

ደብረ ታቦር ውስጥ ስልክ የምጠግንባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ሰሞኑን አንዲት እናት አንድ አሮጌና አንድ አዲስ ስልክ በነጠላቸው ቋጥረው ከገሳይ መጡ። ዓረብ አገር ያለችው ልጃቸው ዋትሳፑን ትታ ወደ ቴሌግራም ዞራለች። እሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ የምትልክላቸው በድምፅ ነው፤ እስከ ዛሬ የላከችውን ሁሉ ወደ አዲሱ ስልክ እንዳሻግርላቸው ፈልገዋል። ልዋሻቸው አልወደድኩም። «እናቴ፣ አሁን ያለው ከእርስዎና ከልጅዎ በቀር ማንም እንዳይሰማው የተቆለፈ ነው። ለማሻገር ግን ኮምፒውተሬ ላይ ገልብጬ፣ በደንብ መድረሱን ለማወቅ እየከፈትኩ መስማት አለብኝ» አልኳቸው። «አንተ ቄስ ነህ?» አሉኝ።

«ኧረ አይደለሁም!»

«እንግዲያው የሳቀችበትን ብቻ ውሰድልኝ።»

ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ሰካሁላቸውና አንድ በአንድ ከፈትኩላቸው። ልጅቱ ገና «እማዬ» ስትል የሳቋን ይለዩታል መሰለኝ። «ይችን ውሰዳት» ይሉኛል። ቀጥሎ «ይችን ተዋት»፤ አሁንም «ተዋት»። የተሻገረው ጥቂት ነው። እኔን አላስችል አለኝ። «እናቴ፣ አሮጌው ስልክ ሊሞት ነው፤ የቀረው እኮ ይጠፋል! ብሰማም ለማንም አልናገርም፣ እምልልዎታለሁ!»

አዲሱን ስልክ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«አውቃለሁ ልጄ። ግን የሚጠፋብኝ ሳቋ ነው እንጂ፣ ለቅሶዋንማ በቃሌ ይዤዋለሁ።»