ቆሞ የከረመ ባቡርና የአቶ ወልደጻድቅ እግር

ክርክር የምወድ ሰው ነኝ። ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲነጋገሩ ከሰማሁ ጉዳዬን ትቼ አዳምጣለሁ። የተማሪዎቼ ወላጆች ይህን ጠባዬን ስለሚያውቁ «መምህር ጉግሳ መጣ፣ ዝም በሉ» ይባባላሉ። ያን ቀን ግን ባቡር ጣቢያ የሄድኩት ጋዜጣ ለመቀበል ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣው የናፍጣ ባቡር ቆሞ ተሳፋሪው ሲወርድ፣ ነጭ ጫማ ያደረገች ወጣት ሻንጣዋን እየጎተተች መጥታ ፊቴ ቆመች።

«ጋሼ ጉግሳ፣ ደህና ዋሉ? አላወቁኝም መሰለኝ።»

ሸዋገነት ነበረች፤ የጎረቤቴ የአቶ ወልደጻድቅ ልጅ። ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። አሁን የነርስነት ትምህርቷን ጨርሳ በከተማችን ሐኪም ቤት ተመድባ መምጣቷ ነው። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ፤ ሻንጣዋን ነጥቄ ጋሪ ጠራሁ። በእግር መሄድ አልወድም፣ ጋሪ ደግሞ በድሬዳዋ ሞልቷል።

«አባባ እንዴት ናቸው?» አለችኝ ጋሪው ላይ እንደወጣን።

«ተኝተዋል።»

«በዚህ ሰዓት?»

«ልጄ፣ ካለፈው ጥምቀት ወዲህ እኮ አልተነሡም።»

አቶ ወልደጻድቅ ዕድሜያቸውን በእንፋሎት ባቡር ላይ እሳት ያነደዱ ሰው ናቸው። እስከ ጅቡቲ ድረስ ከሰል እየዛቁ ወደ ምድጃው ሲጨምሩ፣ ጭሱና ብናኙ ሳንባቸውን በላው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ሲራመዱ እያለከለኩ ስለተቸገሩ ሚስታቸው ወይዘሮ የኔነሽ «ተቀመጥ» አሏቸው። ተቀምጠው ሲከርሙ መነሣቱም ያስለከልካቸው ጀመር፤ «እንግዲያው ተኛ» ተባሉ። አሁን ከአልጋ እስከ ደጅ ሁለት ሰው ይደግፋቸዋል። ክረምት ካልሆነ ውሃ ከማይወርድበት ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ማዶ፣ መገላ ሰፈር ውስጥ፣ ባቡሩን ይነዳ የነበረው የዕድሜ ልክ ጓደኛቸው ፋራህ ደግሞ በልብ ድካም ተኝቷል። በሁለቱ መካከል የምትመላለሰው የግመል ወተት ሻጯ ቀመሪያ ብቻ ናት። በዚያ ሰሞን ከፋራህ ያመጣችው መልእክት «ሳንተያይ እንዳንሞት» የሚል ነበር።

ቤት ስንደርስ አቶ ወልደጻድቅ በጋቢ ተጠቅልለው ተኝተዋል፤ ጠያቂዎችም ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። ሸዋገነት የአባቷን ጉልበት ስማ ስታበቃ እጇን ከከሳው ጉልበታቸው አላነሣችም።

«አባባ፣ እግርዎ የት ሄደ?»

«እግሬን ምን ታደርጊዋለሽ? የታመመው ደረቴ ነው።»

በርጩማ አቀረበችላቸውና ደግፋ አስቀመጠቻቸው። «በሉ እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣጥፈው፣ ምንም ሳይዙ ይነሡልኝ» አለች። ሽማግሌው ሞከሩ፤ አልቻሉም። ደግመው ሞከሩ። ያን የመሰለ ከሰል ዛቂ ከበርጩማ መነሣት ሲያቅተው ማየት ከብዶኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

«ይኼ የሳንባ በሽታ ብቻ አይደለም፤ መተኛቱ ያመጣው በሽታም አለበት» አለች ሸዋገነት።

ወይዘሮ የኔነሽ ይህን ሲሰሙ ከጓዳ ወጡ። «እኔ ነኛ ያሳመምኩት! ያልደገፍኩት፣ ያላጎረስኩት ይመስል! ልጄ፣ ጠያቂ መጥቶ በሽተኛውን ሲንጎራደድ ቢያገኘው ምን ይላል? አንድ ነገር ቢሆንስ? ‹የኔነሽ አስነሥታ ገደለችው› ነው የምባለው።»

እዚህ ላይ አንባቢዬ ይፍረድ። በሽተኛ መጠየቅ ከደግ ልማዶቻችን አንዱ ነው፤ ነገር ግን የምንጠይቀው ሰው ተኝቶ ካልጠበቀን «ይኼ ደግሞ ምን ታመመ?» ብለን እናማዋለን። እንግዲህ በሽተኛው ሐሜታችንን ፈርቶ ይተኛል፤ ሚስቱም ፈርታ ታስተኛዋለች። በፍቅር ሰው አልጋ ላይ ማሰር እንዲህ ነው።

አቶ ወልደጻድቅ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ተናገሩ። «ስሚኝ ልጄ። አንቺ መጽሐፍ ተምረሻል፤ እኔ ደግሞ ባቡር አውቃለሁ። ቦይለሩ፣ እንፋሎት ማፍያው፣ የተበላሸ ባቡር እንፋሎቱን ይቆጥባል እንጂ ዳገት አይሞክርም። ሳንባዬ ቦይለሬ ነው። የቀረችኝን ትንፋሽ መንገድ ላይ ልበትናት?»

ጠያቂዎቹ «እውነት ነው» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ልጅቷ ተረታች ብዬ ነበር። እሷ ግን ፈገግ ብላ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ከባቡር ጥገና ቤቱ ጀርባ የናፍጣው ባቡር ሲመጣ የተገፉ የእንፋሎት ባቡሮች ቆመዋል አይደል?»

«ቆመዋል፤ ሲያዩአቸው ያሳዝናሉ።»

«አንዱን ዛሬ ላንቀሳቅሰው ቢሉ፣ ብዙ እንፋሎት ይፈልጋል?»

«የት ይበቃዋል! መንኰራኩሩ ዝጓል፣ መጋጠሚያው ደርቋል። ደህና ቦይለር ብትሰጪው እንኳ ንቅንቅ አይልም።»

«ቦይለሩ ደካማ ሆኖ ዘይት እየተቀባ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲሄድ የኖረውስ?»

እኔ ደስታው ሊያፈነዳኝ ደርሶ ነበር፤ መልሱ ወዴት እንደሚያደርሳቸው ታይቶኛል።

«እሱማ» አሉ ሽማግሌው፣ «በጥቂት እንፋሎትም ይሄዳል።»

«አባባ፣ ሳንባዎን አዲስ ላደርገው አልችልም፤ አልዋሽዎትም። መንኰራኩሩን ግን እናላላዋለን። የጠነከረ ጡንቻ ሥራውን በጥቂት አየር ይሠራል፤ የሟሸሸ እግር ግን ለአንድ እርምጃ ሳንባዎን ያስጨንቀዋል። ስላለከለኩ ተኙ፣ ስለተኙ እግርዎ ከሳ፣ እግርዎ ስለከሳ ማለክለኩ ባሰ። የልብ ሕመምም ይኸው ነው። ጋሽ ፋራህን ያደከማቸው ልባቸው ብቻ አይመስለኝም።»

«ብሞትስ?»

«ሐኪሙ ሳይመረምርዎ አላስነሣዎትም። ደረትዎን ከወጋዎት ወይም ራስዎን ካዞረዎት ወዲያው እናቆማለን። ማለክለክ ብቻውን ግን ሞት አይደለም።»

አቶ ወልደጻድቅ ወደ ልጃቸው ዞረው «ክረምት ገብቶ ጎርፉ ሳይመጣ፣ እስከ ደቻቱ ታደርሺኛለሽ?» አሉ። ማንን ሊያዩ እንደሆነ ሁላችንም አወቅን።

«እኔ አላደርስዎትም። በእግርዎ ነው የሚደርሱት።»

ሐኪሙ መርምሮ ፈቀደ፤ ሥራው ተጀመረ። ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ከበርጩማ መነሣትና መቀመጥ፣ አሸዋ የተሞላ ጣሳ ወደ ላይ ማንሣት፣ ቀጥሎ እስከ አጥር መራመድ። ሲያለከልኩ ቆም ብለው፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ከንፈራቸውን አሞጥሙጠው ቀስ ብለው ይተነፍሳሉ። ሲጠጡት በከረሙት መረቅ ፋንታ ጡንቻ የሚያበጅ እንቁላልና ምስር በረከተ። ሸዋገነት መገላም ተሻግራ ፋራህን ለሐኪሙ አሳየች። የእግሩ እብጠት በመድኃኒት እስኪጎድል ታግሳ፣ እሱንም በዝግታ አስጀመረችው።

ከዚያ በኋላ ከተማው ሁሉ ወሬውን ያዘ። ቀመሪያ ወተቷን ከመስፈሯ በፊት ዜናዋን ታወራለች። «ጋሽ ፋራህ እስከ መስጊዱ በር ደርሷል፣ ወላሂ!» ስትል፣ አቶ ወልደጻድቅ ከዘራቸውን ያነሣሉ። በማግስቱ «ወልዴ የጋሪ ማቆሚያውን አልፏል» ተብሎ ወደ ማዶ ይላካል። እኔም ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት ዜና ልሰማ እሮጥ ጀመር፤ መሮጥ ከተባለ።

አንድ ቀን ጠያቂዎች መጥተው ሽማግሌው ከበርጩማ ሲነሡና ሲቀመጡ አገኟቸው። አንዲት ሴትዮ «ኧረ በስመ አብ፣ ይኼ ሰው ታሟል አላላችሁም?» ብላ አጉረመረመች። ወይዘሮ የኔነሽ ቀና አሉ። «ታሟል። ግን ተኝቶ እንዲጠብቅሽ አላስገድደውም። ከፈለግሽ በርጩማ ላምጣልሽ፣ አብረሽው ተነሺ።» ሴትዮዋ በእልህ ሞከረች፤ ጥቂት እንደቆየች ከሽማግሌው ብሳ አለከለከች። ያን ቀን ቤቱ በሳቅ ተናወጠ።

ሰማዩ ደመና መቋጠር እንደጀመረ፣ አንድ ማለዳ የደቻቱ ዳርና ዳር በሰው ተሞላ። ከወዲህ አቶ ወልደጻድቅ፣ ከወዲያ ፋራህ፣ በከዘራ ብቻ ወደ አሸዋው ወረዱ። ጥቂት ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ሻያቸውን ያበርዳሉ፣ ደግሞ ይሄዳሉ። ወይዘሮ የኔነሽ ነጠላቸውን ነክሰው ቆመዋል፤ ሸዋገነት ከኋላ ራቅ ብላ ትከተላለች። መሐል ላይ ጎርፍ ያመጣው ትልቅ ድንጋይ አለ። እዚያ ሲገናኙ ከዘራዎቹ ወደቁ፤ ተቃቅፈው ቆሙ።

«ዋርያ ወልዴ፣ ማን አመጣህ?» አለ ፋራህ።

«እግሬ። አንተንስ?»

«ወላሂ፣ እኔንም እግሬ።»

ድንጋዩ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተላቀሱ፤ ኋላም ተሳሳቁ። ፀሐዩ መክረር ሲጀምር ጎረምሶች ሊያነሧቸው ሮጡ። አቶ ወልደጻድቅ በዓይናቸው አስቆሟቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው ብድግ አሉ። ከሁለቱም ዳር እልልታ ቀለጠ።

የአቶ ወልደጻድቅ ሳንባ አልታደሰም፤ የፋራህም ልብ ያው ነው። ዛሬ ግን አቶ ወልደጻድቅ ልብሳቸውን ራሳቸው ይለብሳሉ፣ ቀፊራ ገበያ ወርደው ሎሚ መርጠው ይገዛሉ፣ ሌሊትም እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ወይዘሮ የኔነሽ ወገባቸው ዐርፎላቸዋል። እናንተም ደረቱን ወይም ልቡን የታመመ ዘመድ ካላችሁ ሐኪም አማክሩና በአቅሙ እንዲንቀሳቀስ አበረታቱት፤ ስትጠይቁትም ቆሞ ቢቀበላችሁ ደስ ይበላችሁ።

በዚያ የደቻቱ ማለዳ እኔ ለሁለቱም በየዳሩ ጋሪ አስቁሜ፣ በወዲህኛው ላይ ተቀምጬ እጠብቅ ነበር። አቶ ወልደጻድቅ ከአሸዋው ዳገቱን ወጥተው፣ ቆመው፣ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ጉግሳ፣ ጋሪውን አሰናብት» አሉኝ። «አንተም ውረድና አብረን በእግር እንግባ።»