አስፈሪ ፊልም የማይፈራው ጎረቤታችን

ይግቡ እትዬ ዋሂዳ፣ ይቀመጡ። ጉሙ ዛሬም አልገለጠም አይደል? እንጅባራ እኮ እንዲህ ናት፤ ፀሐይዋን ጫግኒ ልካ እኛን ታበርደናለች። ሻሽ ነው የፈለጉት? ቀስ ብለው ይምረጡ። አባባ ጉንፋን ይዞት ሱቁን ለእኔ ጥሎልኝ ነው፤ ገበያም የለም። ድምፄ ከፍ ካለብዎ ይቅርታ፣ ዝናቡ ጣራውን ሲመታው አልሰማ እያለኝ ነው... አይዘንብም እንዴ? እንግዲያው ልማድ ይሆናል።

አዎ፣ ከወዲያ ያለው ፊልም በፍላሽ የሚጭነው ልጅ ሱቅ ነው። ግድግዳ ስልዎ ቆርቆሮ ነው፤ እሱ ሲያስነጥስ እዚህ ሆኜ ዱዓ አደርግለታለሁ። የእኛን ወሬ ይሰማል ብለው አይስጉ። ሥራ ላይ ነው፣ ምኑን ይሰማል?

ጎበዝ ልጅ ነው። በዚህ ከተማ አስፈሪ ፊልም እንደሱ የሚያውቅ አለ? ሰው የፍቅር ፊልም ሊያስጭን ይመጣል፣ የጋኔን አስጭኖ ይሄዳል። ከድሮው ጀምሮ እስከ ዘንድሮው አንድ አላመለጠውም። አያቱ ሳይወለዱ የተሠራውን ሁሉ አይቶታል።

ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ጥቁርና ነጩን ነው። አንድ ሰውዬ በሬሳ ሣጥን ይተኛል፤ ሲመሽ ተነሥቶ የሰው ደም ይመጥጣል። ግን ጨዋ ነው አሉ፤ «ግባ» ካላሉት የሰው ደጅ አያልፍም። እንደ ቆመ ይቀራል። ጎረቤታችን ይቺን ቦታ ሲያስረዳ ሊያለቅስ ምንም አይቀረው። «ሥርዓቱን እዩልኝ» ይላል። እኔማ ገባኝ። ሰው የሚወደው የሚመስለውን አይደል... በሥርዓቱ ማለቴ ነው።

ቀጥሎ የአሻንጉሊቷ ነው። መደርደሪያ ላይ ተቀምጣ ሰው ታያለች፣ ሌላ ሥራ የላትም። ዘወር ሲሉባት ያላየች መስላ ቁጭ ትላለች። እኔ ጠዋት ሱቅ ስከፍት አፍጥጦ የሚያይ፣ ቀና ስል ስልክ የሚነካካ ሰው አውቃለሁ... እንዲያው አሻንጉሊቷ አስታወሰችኝ እንጂ ሌላ ነገር የለኝም።

ድፍረቱን ግን ላድንቅለት። ማንም ያልደፈረውን ፊልም እሱ ብቻውን ያየዋል፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በሩን ወለል አድርጎ። መጀመሪያ ሙዚቃው ይሰማኛል። ቀስ እያለ ይመጣል፣ ይመጣል... ልክ ጋኔኑ ብቅ ሊል ሲል ድርግም። መጀመሪያ ሰሞን መብራት የሄደ ይመስለኝ ነበር። ቀና ስል የእኔ አምፖል በርቷል። ለካ ድምፁን ነው የሚያጠፋው። ለጎረቤት ማሰብ ማለት እንዲህ ነው፤ እኔ እንዳልደነግጥ ብሎ እኮ ነው።

ደግሞ አንዳንዴ ይመክራቸዋል። «በሩን አትክፈት፣ ተመለስ፣ ምን አገባህ» ይላል። ምክሩን የሚሰማው ሰው ግን በፊልሙ ውስጥ የለም። አንድ እሱ ብቻ ነው የሚሰማው።

በር ካነሣን... ባለፈው ወር አንድ ሰው እኛ ቤት ሽማግሌ መላኩን ሰምተዋል? ማን እንደሆነ ምን ቸገረን። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ «ቤቶች» ብለው መጡ። እናቴ ወጣች። «ለልጃችን ልጃችሁን ልንጠይቅ ነው፣ አባወራው አለ?» አሏት። የት ይኖራል እትዬ ዋሂዳ? ቅዳሜ ነው እኮ። አባባ ቅዳሜ ቤት ተገኝቶ ያውቃል? ጨርቁን ጭኖ አዲስ ቅዳም ገበያ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በዚህ ሰፈር አለ? የላከው ሰውማ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጣቃውን አቀብሎ የሚጭንለት ራሱ ነው። የዚያን ቀን ጠዋትም ጭኖ፣ ገመዱን አጥብቆ፣ «በሰላም ይመለሱ» ብሎ ሸኝቶታል። መኪናው ከዓይን ሲጠፋ ሽማግሌ ላከ። «ልኬ ነበር፣ የሉም ተባለ» ይላል አሉ። ልክ ነው፣ አልዋሸም።

አባባ ሲሰማ ፈገግ ነው ያለው። «ሰው አባወራውን ካጣ ሌላ ቀን ይመለሳል። ይሄ እኔን ማጣት ነበር ለካ የፈለገው» አለ። ምኑ ያስፈራል ግን አባባ? ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር ሰው። ቢበዛ ያስል ይሆናል።

የጫግኒው ደግሞ ጉድ ነው። የእህል ነጋዴው ልጅ ማለቴ ነው። እሁድ ረፋድ የእሱም ሽማግሌዎች እኛ ቤት ይመጣሉ። አስቀድሞ አባባ ጋ ደውሎ «ቤት ይኖራሉ ወይ?» ብሎ ጠየቀ። እስቲ አሁን ይሄ ሰው ነው? አንድ አስፈሪ ፊልም እንኳ አይቶ አያውቅም አሉ። ምኑን ለምዶት ነው እንዲህ የሚደፍረው?

አባባ ጠራኝና «አፊያ፣ መልሱ አንቺ ዘንድ ነው። ምን ልበላቸው?» አለኝ። እስከ እሁድ ላስብ አልኩት። ምን እንደማስብ ያውቁልኛል? ትናንት አልቅሻለሁ እትዬ ዋሂዳ... ለማንም እንዳይነግሩብኝ። ቆርቆሮ ነው፣ ቀስ ብዬ ነው ያለቀስኩት።

እና የዘንድሮው ፊልም ትዝ አለኝ። ጎረቤታችን «ካየሁት ሁሉ የሚያስፈራው ይሄ ነው» ብሎ ፍላሹን ሰጥቶኝ አይቸዋለሁ። ጋኔን የለ፣ ደም የለ። ሰዎቹ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ሁሉም ነገሩን ያውቀዋል፣ አንድም አፍ አውጥቶ የሚናገር የለም። ብቻ ይተያያሉ። መጨረሻው ላይ ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ትሄዳለች። እኔ መጨረሻው አልገባኝም ነበር፤ የት እንደሄደች አይነገርማ። አሁን ሳስበው ግን ፀሐይ ያለበት አገር ሳትሄድ አልቀረችም።

ነገ ጁምዓ ነው አይደል? አባባ ሰግዶ ከተመለሰ ቤት ነው የሚውለው፣ ጉንፋኑ የትም አያስኬደውም። እንግዳ ቢመጣ በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። እኛ ቤት ደግሞ «ግቡ» ለማለት አንሰስትም፤ የፊልም ቤት አይደለም... እንዲያው ለወሬው ያህል ነው።

ይሄ አረንጓዴው ይሻልዎታል፣ መልክዎን ያወጣዋል። ልጠቅልልዎ?

ይስሙ እስቲ... ከወዲያ ሙዚቃው ድርግም አለ። መብራት ሄደ እንዴ? አይ፣ አምፖሌ በርቷል።

እንግዲህ ከመሄድዎ በፊት ለጎረቤታችን ዱዓ እናድርግለት። ደግ ልጅ ነው፣ ለአባባ ስንቱን ጣቃ ተሸክሟል። ሐሳብ አይንካው፣ እንቅልፉ ሰላም ይሁን። አላህ የሚያስፈራውን ነገር ሁሉ ያርቅለት... ጫግኒ ድረስ ያርቅለት። አሚን ይበሉ እንጂ እትዬ ዋሂዳ፤ ከፍ አድርገው።